ኳሷ የት ናት?

በሬዲዮ ጨዋታ የሚያስተላልፍ አንድ ወጣት ባልደረባዬ አስተያየት እንድሰጠው የላከልኝ ቅጂ እስካሁን ይከነክነኛል። ግብ ሲቆጠር ልጁ ትንፋሹ እስኪቆራረጥ ጮኸ። ደጋፊው እንዴት እንዳበደ፣ አሰልጣኙ እንዴት እንደዘለለ ነገረን፤ አጥቂው ከየት ክለብ እንደመጣ ሳይቀር ተረከልን። ኳሷ በእግር ትግባ በቴስታ፣ ከቀኝ ትሻማ ከግራ ግን እስከ እረፍት ድረስ አልሰማሁም። ስጠይቀው «ስሜቱን ላስተላልፍ ብዬ ነው» አለኝ።

ይህ መልስ ሰልችቶኛል። የሬዲዮ አድማጭ ስሜት አጥቶ አያውቅም፤ የሚያጣው ዓይን ነው። ተከላካዩ መንሸራተቱን፣ ግብ ጠባቂው መስመሩን ትቶ መውጣቱን፣ ኳሷ ሳጥን ውስጥ ብቻዋን መቅረቷን ከነገርነው ልቡን የሚያዘልለው ነገር አገኘ ማለት ነው። ልጆቻችን ግን ሙያውን የሚማሩት ከቴሌቪዥን ነው። እዚያ ሥዕሉ ስላለ ኮሜንታተሩ ስለ ዝውውር ቢያወራ ተመልካቹ የሚጎድልበት የለም። በሬዲዮ ያንኑ ያደረገ ሰው አድማጩን ጨለማ ውስጥ ትቶታል።

የቀደሙት ይህን ከመነሻው ያውቁ ነበር። ቢቢሲ በጃንዋሪ 1927 ከትዊክነሃም የመጀመሪያውን የራግቢ ጨዋታ ሲያስተላልፍ፣ ተራኪው ቴዲ ዌክላም እያየ እንዲነግረው አንድ ዓይነ ስውር ሰው አጠገቡ ተቀምጦለት ነበር። በሳምንቱ አርሰናልና ሼፊልድ ዩናይትድ ሲጫወቱ ሬዲዮ ታይምስ መጽሔት ሜዳውን 8 ቦታ ከፍሎ፣ ቁጥር ሰጥቶ አተመ፤ አድማጩ ቁጥሩን እየሰማ ኳሷን በጣቱ ይከተላል። አሜሪካዊው የቤዝቦል ተራኪ ሬድ ባርበር ደግሞ የ3 ደቂቃ የአሸዋ ሰዓት ከፊቱ ያስቀምጥ ነበር። አሸዋው ባለቀ ቁጥር ውጤቱን ይናገራል። የእኛዎቹ ውጤት ሳይናገሩ ሩብ ሰዓት ሲያልፍ እሰማለሁ፤ ታክሲ ውስጥ በ60ኛው ደቂቃ የተሳፈረ ሰው ውጤቱን ሳይሰማ መውረጃው ይደርስበታል።

አቅጣጫም እንዲሁ ነው። «ወደ ካታንጋ በኩል» ማለት የአዲስ አበባ ስታዲየምን ለሚያውቅ በቂ ነው። ስታዲየሙን አይቶ ለማያውቅ ሰው ግን ማን ከግራ ወደ ቀኝ እንደሚያጠቃ በሁለቱም አጋማሾች መጀመሪያ ሊነገረው ይገባል።

ማይክሮፎን የያዛችሁ ልጆች፣ ጩኸታችሁን አልከለክልም። ኳሷ የት እንዳለች፣ በማን እግር ሥር እንደሆነች፣ ውጤቱ ስንት ለስንት እንደሆነ ግን አስቀድማችሁ ንገሩን።