ጠንቋይ ቤት ተከራይቼ ነበር!

ጠንቋይ ቤት ተከራይቼ ኖሬአለሁ ብላችሁ ምን ትሉኝ ይሆን? አታማትቡ፤ ማማተቡን እኔው ጨርሼዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ ላይ ብራይተን በምትባለው የእንግሊዝ የባሕር ዳር ከተማ ለትምህርት ሄጄ፣ አንዲት ክፍል ያከራዩኝ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ባልቴት ነበሩ። በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ሻይ እየቀዱልኝ «ሳልነግርሽ… እኔ እኮ ጠንቋይ ነኝ» አይሉኝም! በስመ አብ! የሦስት ወሩን ኪራይ ደግሞ ቀድሜ ከፍያለሁ። ያን ሌሊት በሬን ቆልፌ አደርኩ።

ዳሩ ግን ገብስማ ዶሮ የለ፣ ድቤ የለ፣ ደጅ የሚጠና ሰው የለ። ሴትዮዋ ጓሯቸውን ይኮተኩታሉ፣ ድመታቸውን ይቆጣሉ፤ በቃ። ቆይቼ እንደተረዳሁት የእሳቸው ሃይማኖት «ዊካ» ይባላል፤ እኛ ጥንቆላ ከምንለው ጋር ስም እንጂ ግብር አይጋራም። ያስፋፋው ጄራልድ ጋርድነር የሚባል፣ ማላያ ውስጥ ጉምሩክ ያገለገለ ጡረተኛ ነው። የእንግሊዝ የጥንቆላ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1951 ሲሻር፣ እሱ በ1954 መጽሐፍ አሳትሞ ጥንታዊ ሃይማኖት አገኘሁ አለ። የታሪክ ሰዎች ጥንታዊነቱን አይቀበሉትም። አንዲት እንስት አምላክና አንድ ቀንዳም ተባዕት አምላክ ያመልካሉ፤ ጨረቃ ስትሞላ ይሰበሰባሉ። ማኅበራቸው «ኮቨን» ይባላል፤ በልማዱ ከ13 ሰው አይበልጥም። የማኅበሩ ራስ ደግሞ ማን መሰላችሁ? ሴት! ዋናዋ ካህኒት። ወንዱ ካህን ከጎኗ ይቆማል እንጂ አይቀድማትም።

መቅደስ ሲባል የወንድ ብቻ መሆኑን እያየሁ ላደግሁት ለእኔ ይኼ ቀላል ወሬ አልነበረም። «ታድላችሁ!» አልኳቸው። ሳቁ። ከዚያም ተነሥተው ከቁምሣጥን የብስኩት ቆርቆሮ አመጡ። ውስጡ አንድ የቆየ የጭን ማሰሪያ ነበር፤ ሦስት የብር ዘለበት የተሰፋበት።

«እያንዳንዱ ዘለበት ከእኔ ማኅበር ወጥቶ ራሱን የቻለ ማኅበር ነው» አሉኝ። «አሥራ አንድ ዓመት መርቻለሁ። አርባ ስምንት ሲሞላኝ አብሮኝ የሚያገለግለው ካህን የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ይዞ መጣና ሕጉን አነበበልኝ።»

ምን የሚል ሕግ? ካህኒቷ ዕድሜዋ ሲገፋ፣ በወጣትነት ለምትበልጣት ቦታዋን በጸጋ ትልቀቅ የሚል። እናንተዬ!

የዚህ ሕግ አመጣጥ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። ጋርድነር እ.ኤ.አ. በ1953 ዶሪን ቫሊየንቴ የምትባል ሴት ወደ ማኅበሩ አስገባ። ብዕሯ የሰላ ነበር። የተዝረከረከውን ጸሎት አርማና አዲስ ጽፋ መልክ አስያዘችው፤ ዛሬ ድረስ ዊካዎች የሚያነበንቡት አብዛኛው የእሷ እጅ አለበት። ዋና ካህኒትም ሆነች። ጋርድነር ግን ጋዜጠኛ ሲያይ አያስችለውም ነበር። እሷና ጓደኞቿ «ምስጢራችንን አደባባይ አታውጣብን፤ ደንብ ይኑረን» ብለው ረቂቅ ቢልኩለት፣ «ደንብማ ድሮም አለን» ብሎ ጥንታዊ ነው ያለውን ሕግ ላከላቸው። እሷ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አይታው የማታውቀው ሕግ! ከውስጡ ያ የዕድሜ ነገር ተሰክቶበታል። እ.ኤ.አ. 1957 ነበር። እሷ 35፣ ሕጉን ያመጣው ሰውዬ 73 ዓመታቸው። እሷም ጥላው ወጣች። ታሪኩንም እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመችው መጽሐፍ ጽፋዋለች።

እኔን የከነከነኝ ሰውዬው መዋሸቱ አይደለም። ሴቲቱን ከፍ ያደረጋት ምክንያትና ያወረዳት ምክንያት አንድ መሆኑ ነው። የተቀመጠችው የእንስቷ አምላክ ምሳሌ ናት፣ ወጣትነትና ልምላሜ በእሷ ይታያል ተብሎ ነው፤ ታዲያ ልምላሜው ሲጠወልግ «በይ ተነሺ» መባሉ አይቀርም። ወንዱ ግን ሲሸብት ጥበበኛ ነው የሚባለው። ሥልጣኗ እንደኔው ክፍል የኪራይ ነበር ማለት ነው።

በአሜሪካ የተነሡት ሴቶች ሌላ መንገድ ሞከሩ። ዙዛና ቡዳፔስት እ.ኤ.አ. በ1971 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ወንድ ድርሽ የማይልበት ማኅበር አቋቋመች። ስታርሆክ የተባለችው ደራሲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጣችው ዝነኛ መጽሐፏ ኃይልን የሴትና የወንድ ብላ ከፍላ ነበር፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ግን በዚያው መጽሐፍ አዲስ እትም ላይ ያን አከፋፈል ተወችው። ያመኑበትን እንዲህ በአደባባይ የሚያርሙ ስንት ናቸው?

አከራዬ ግን አሜሪካ አልሄዱ፣ ወንድ አላባረሩ። «ለምን እንቢ አላሉም?» ብላቸው፣ «የተነበበልኝ እኮ የአማልክት ሕግ ተብሎ ነው። በዚያ ላይ ልጅቷን ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ እወዳት ነበር» አሉ። ሃያ ዓመት ያህል ብቻቸውን በጓሯቸው ጨረቃ አዩ።

አንድ ማታ ታዲያ ስልክ ተደወለ። ያቺው ልጅ ናት። እሷም አርባ ስምንት ሞልቷት፣ ያው ሰውዬ ያንኑ ሕግ አንብቦላታል። «ምን አሏት?» አልኩ እየተጣደፍኩ። እኔ ብሆን «ደግ አደረገሽ» ባይ ነኝ፤ ልዋሻችሁ አልችልም። እሳቸው ግን «ሻይ እንጠጣ፣ ነይ አልኳት» አሉኝ።

እኔ ቤታቸው ስገባ ሁለቱ አዲስ ማኅበር ከጀመሩ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። ስድስት ሴቶችና ሦስት ወንዶች ናቸው፤ ሰብሳቢነቱ በተራ ነው፤ የዕድሜ ጣሪያ የለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ቫሊየንቴ በኖረችበት ሕንፃ ላይ የመታሰቢያ ሰሌዳ ተሰቅሎላት ነበርና፣ አከራዬ አንድ ቀን ወስደው አሳዩኝ። በሰባ ሰባት ዓመቷ እ.ኤ.አ. በ1999 እስክታርፍ ያሰናበታት አልነበረም።

ጨረቃ በሞላች ቁጥር ከታች ከወጥ ቤቱ ሳቃቸው ይሰማኝ ነበር። የብስኩቱ ቆርቆሮ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ አራተኛ ዘለበት ለማን ይሰፋ እያሉ ይከራከራሉ።

እኔ ግን እውነቱን ልናገር፣ በሬን መቆለፉን አልተውኩም።