ዱባይ ላይ አንድ ጊጋ በስንት ይገባል?

ዛሬ እሁድ ነው፣ ኒውዮርክም ለንደንም ዝግ ናቸው፤ ስለዚህ ከቡናና ከሰሊጥ ወጣ ያለ ሸቀጥ ይዤ መጥቻለሁ። ኢንተርኔት። «ይሄ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ሸቀጥ ሆነ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። የሚመዘን፣ በጅምላና በችርቻሮ የሚሸጥ፣ የሚበላሽበት ቀን ያለው፣ አገር ሲቀየር ዋጋው በብዙ እጥፍ የሚለያይ ነገር ሸቀጥ ካልተባለ ምን ሊባል ነው? ደግሞም በውስጥ መስመር በብዛት ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አንዱ ይሄ ነው፦ «ለአንድ ሳምንት ዱባይ ልወጣ ነው፣ ዋጋውን በምን ልከታተል?»

ጥያቄው ትንሽ ይመስላል፤ ሂሳቡ ግን ትንሽ አይደለም። አንድ ኮንቴይነር ቡና ብዙ ጊዜ 320 ጆንያ ነው፣ በ60 ኪሎ ሲባዛ 19,200 ኪሎ። ወደ ፓውንድ ስንቀይረው 42,300 ፓውንድ ገደማ ይመጣል። ኒውዮርክ በፓውንድ 1 ሳንቲም ስትወርድ ወይም ስትወጣ በአንድ ኮንቴይነር ላይ 423 ዶላር ትሄዳለች ወይም ትመጣለች ማለት ነው። በ2017 ዓ.ም. የካቲት፣ አረቢካ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ወጥቶ በነበረበት ወር፣ በአንድ ቀን 10 ሳንቲም መወዛወዝ ብርቅ አልነበረም። 4,230 ዶላር በአንድ ከሰዓት፣ ለዚያውም በአንድ ኮንቴይነር። እና እኛ ሰዎች ያን ሁሉ ገንዘብ ይዘን 20 ዶላር የዳታ ወጪ ላይ እንከራከራለን።

ሰዓቱን ደግሞ አስቡት። የኒውዮርክ ቡና ገበያ በእነሱ አቆጣጠር ከንጋቱ 4:15 እስከ ቀኑ 7:30 በእኛ አነጋገር ነው፤ እነሱ 1:30 የሚሉት ማለት ነው። በክረምታቸው ወራት ይሄ አዲስ አበባ ላይ ከቀኑ 6:15 እስከ ምሽቱ 3:30 ይሆናል። ዱባይ ከእኛ በአንድ ሰዓት ስለምትቀድም እዚያ ላለ ሰው መዝጊያው ምሽት 4:30 ላይ ነው። በዚያን ሰዓት ነጋዴ የት ነው ያለው? ኤግዚቢሽኑ ተዘግቷል፣ ሜትሮ ውስጥ ነው፣ ዴይራ እራት ላይ ነው፣ ታክሲ ውስጥ ነው። የሆቴሉ ዋይፋይ ሆቴሉ ውስጥ ቀርቷል።

አንድ የማውቀው ሰሊጥ ላኪ፣ በዚያው የካቲት ለገልፉድ ኤግዚቢሽን ወጥቶ፣ «ሆቴሌ ዋይፋይ አለው፣ ኤግዚቢሽኑም አለው፣ ለምን ሲም እገዛለሁ» ብሎ ነበር። ከአንድ ገዢ ጋር ለ5 ኮንቴይነር ሲነጋገሩ ከርመው ሰውየው የመጨረሻ ዋጋውን ምሽት ላይ በዋትሳፕ ላከለት፤ «በሁለት ሰዓት ውስጥ አረጋግጥልኝ» የሚል ነበረበት። የእኛ ሰው አል ራስ ገበያ ቅመምና ሰሊጥ ሲያይ አምሽቶ መልእክቱን ያነበበው ከአራት ሰዓት በኋላ ነው። በማግስቱ ገዢው በቶን 30 ዶላር ቀንሶ መጣ። 95 ቶን በ30 ሲባዛ 2,850 ዶላር። ሰሊጡን ሸጧል፣ አልከሰረም፤ ግን ያቺ ምሽት ምን ያህል እንደፈጀችበት እስካሁን ያነሳዋል።

ወደ ዋጋው እንግባ። አንድ ሰው ከአገሩ ወጥቶ ኢንተርኔት የሚያገኝበት መንገድ በመሠረቱ ሦስት ነው፦ የአገሩን ሲም በሮሚንግ መጠቀም፣ የሄደበትን አገር ሲም መግዛት፣ ወይም ኢ-ሲም በኢንተርኔት ገዝቶ ስልኩ ላይ መጫን። ዋይፋይን አልቆጠርኩትም፤ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ላይ ነው እንጂ እናንተ ያላችሁበት ቦታ ላይ አይደለም።

ሮሚንግ ለምን ይወደዳል የሚለውን የቡና ሰው ቶሎ ይገባዋል። በመሃል እጅ ስለበዛ ነው። ዱባይ ላይ ስልካችሁን ስትከፍቱ ኔትወርኩን የሚሰጣችሁ የዚያ አገር ኩባንያ ነው። እሱ ለአገራችሁ ኩባንያ በጅምላ ዋጋ ያስከፍላል፤ የአገራችሁ ኩባንያ ደግሞ የራሱን ጨምሮ ለእናንተ ይሸጣል። ጅምላው ዋጋ ሁለቱ ኩባንያዎች የሚዋዋሉት ነው፣ ክፍያውም በውጭ ምንዛሪ ነው። አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ይሄን ጅምላ ዋጋ በሕግ ጣሪያ አበጁለት፦ በ2022 እ.ኤ.አ. በጊጋ 2 ዩሮ፣ ከዚያ በየዓመቱ እየወረደ በ2027 1 ዩሮ። ለዚህ ነው የጀርመን ሲም የያዘ ሰው ጣሊያን ሄዶ እንደ አገሩ የሚጠቀመው፤ ይሄም ከሰኔ 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። የእኛ ሲም ዱባይ ላይ ያን ጣሪያ አያውቀውም። ላይ ደግሞ ምንዛሪው አለ፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በዶላር የሚታሰብ ነገር ሁሉ፣ ሻጩ ዋጋውን ባይነካውም፣ በብር ሲቆጠር የት እንደደረሰ ለዚህ ቻናል ሰው አልነግርም።

ሮሚንግን ግን ጭራሽ አትናቁት። ኢትዮ ቴሌኮም የሮሚንግ ጥቅል አለው፤ ለሁለት ለሦስት ቀን ብቻ የሚወጣ ሰው፣ ሲም ፍለጋ ግማሽ ቀን ከሚያጠፋ፣ ጥቅል ይዞ ቢወጣ ሊያዋጣው ይችላል። ከመውጣታችሁ በፊት 994 ደውሉና ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ለምትሄዱበት አገር ጥቅል አለ ወይ፣ ጥቅሉ ሲያልቅስ ምን ይሆናል? ሁለተኛዋ ጥያቄ ናት ዋናዋ። ጥቅል አልቆ በተራ ታሪፍ መቁጠር ከጀመረ ነው ሰው የሚቃጠለው።

ታሪፉን ስታዩ መስፈሪያውን ተጠንቀቁ። በፈረሱላ የተነገረ ዋጋ ወደ ኪሎ ሳይቀየር እሺ የሚል ነጋዴ የለም አይደል? የዳታ ሻጮችም እንዲሁ ያደርጋሉ፤ የሚያስደነግጠውን በትንሽ መስፈሪያ ይነግሯችኋል። «በሜጋ 10 ሳንቲም» ሲባል ርካሽ ይመስላል። አንድ ጊጋ 1,024 ሜጋ ነው፤ ስለዚህ በጊጋ 102 ዶላር ከ40 ሳንቲም ተባላችሁ ማለት ነው። በትልቁም ጥቅል ላይ ያው ነው። እንበል አንዱ በ50 ድርሃም 2 ጊጋ ይሸጣል፣ ሌላው በ100 ድርሃም 10 ጊጋ። የመጀመሪያው በጊጋ 25 ነው፣ ሁለተኛው 10። ግን ለአራት ቀን የሄደና 3 ጊጋ ብቻ የሚጨርስ ሰው 10 ጊጋውን ከገዛ በእውነት የከፈለው በጊጋ 33 ነው፤ የቀረው 7 ጊጋ ሻንጣ ውስጥ ተይዞ አይመጣም። መጋዘን የሌለው ሸቀጥ ነው። ድርሃሙን ወደ ዶላር ስትቀይሩ አትጨነቁ፣ ለዓመታት በ3.67 ገደማ የታሰረ ነው።

ከአምስት ቀን በላይ ለሚቆይ ሰው የእኔ ምርጫ የዱባይ ሲም ነው። ዋናዎቹ ኩባንያዎች ሁለት ናቸው፣ ኢቲሳላትና ዱ። ሁለቱም ለጎብኚ የሚሆን መስመር አላቸው፣ የሚፈልጉት ፓስፖርት ነው። አየር ማረፊያው ውስጥ ይሸጣል፣ ግን እዚያ ከፊት የሚዘረጉት ለደከመው መንገደኛ የተዘጋጀውን ነው። ከተማ ውስጥ የኩባንያው ሱቅ ገብታችሁ «ትንሹ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ናይፍና ባንያስ አካባቢ መንገድ ላይ «ያለ ፓስፖርት፣ አሁኑኑ» ብሎ ሲም የሚያቀርብላችሁ ሰው ቢመጣ ግን እለፉት፤ መስመሩ በሌላ ሰው ስም የወጣ ነው። ያ ሰው በስሙ ምን እንዳደረገበት አታውቁም፤ በመሃል ቢዘጋባችሁም የምትከሱት የለም።

አራት አምስት ሆናችሁ ከወጣችሁ ደግሞ ሁላችሁም መግዛት የለባችሁም። አንድ ሰው ትልቁን ጥቅል ይግዛና ሌሎቹ በሆትስፖት ይጠቀሙ። ጉዳቱ የባለ ሲሙ ባትሪ ማለቁና ቡድኑ ሲበተን ሌላው ባዶ እጁን መቅረቱ ነው። ገልፉድ ላይ ሁሉም ወደየገዢው ሲበታተን ይሄ አይሠራም፤ ዕቃ ለመግዛት አብራችሁ ለምትዞሩ ግን በደንብ ይሠራል።

አሁን የዱባይን ልዩ ነገር ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ስልኩ የተበላሸ ይመስለዋል። እዚያ አገር ኔትወርክ ላይ የዋትሳፕና የቴሌግራም የድምፅና የቪዲዮ ጥሪ አይሠራም። መልእክት ይሄዳል፣ ፎቶ ይሄዳል፣ ተቀድቶ የሚላክ ድምፅም ይሄዳል፤ መደወሉ ግን ተዘግቷል። የተፈቀደላቸው እንደ ቦቲም ያሉ አሉ፤ ለዚህ ነው ዱባይ ያለች እህታችሁ «ቦቲም አውርዱ» የምትላችሁ። ከመውጣታችሁ በፊት ቢሯችሁ ውስጥ ያለውንም ቤተሰቡንም አስጭኑ። በሮሚንግ የመጣ ዳታ ብዙ ጊዜ ዞሮ የሚያልፈው በአገራችሁ ኩባንያ በኩል ስለሆነ እዚያ ላይ ጥሪው ሊሠራ ይችላል፤ «የጓደኛዬ ይሠራል የእኔ አይሠራም» የሚለው ክርክር አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ቪፒኤን ጫን የሚላችሁ ይበዛል። የኤምሬትስ ሕግ በቪፒኤን ተጠቅሞ ወንጀል የሠራን ሰው ከ500 ሺህ እስከ 2 ሚሊዮን ድርሃም ይቀጣል። የተዘጋ ጥሪ መክፈት ከዚያ ይቆጠራል አይቆጠርም ብሎ ለመከራከር እኔ ጠበቃ አይደለሁም፣ የሰሊጥ ትርፍም ያን አይሸከምም። ድምፅ ቀድታችሁ ላኩ፣ በቃ።

ኢ-ሲም ሲሆን ሱቅ መሄድ የለም። አዲስ አበባ ዋይፋይ ላይ ሆናችሁ ገዝታችሁ ትጭኑታላችሁ፣ ቦሌን ለቃችሁ ዱባይ ስትወርዱ ይሠራል። እኔ አጭር ጉዞ ላይ እወደዋለሁ። ሁለት መሰናክል ግን አለው። አንደኛው ስልኩ ነው፤ *#06# ደውሉና ከሚመጡት ቁጥሮች መሃል ኢአይዲ የሚል ካለ ይቀበላል፣ ከሌለ አይቀበልም። እኛ ገበያ ላይ ያሉት ረከስ ያሉ ስልኮች አብዛኞቹ የላቸውም። ሁለተኛው ክፍያው ነው፤ በዶላር የሚከፍል ካርድ ይፈልጋል። ለጉዞ ከባንክ የውጭ ምንዛሪ ካርድ ያወጣችሁ በእሱ መሞከር ትችላላችሁ፤ አለበለዚያ ውጭ ያለ ዘመድ ይገዛላችሁና ኮዱን ይልክላችኋል። በነገራችን ላይ ዘመድ ከአሜሪካ የላከላችሁ ስልክ ከሆነ፣ ከአንድ ኩባንያ ጋር የተቆለፈ ሊሆን ይችላል፤ የተቆለፈ ስልክ የዱባይንም ሲም ኢ-ሲሙንም አይቀበልም። ይሄ እዚሁ ነው የሚጣራው፣ እዚያ ደርሶ አይደለም።

የኢትዮጵያ ሲማችሁን አውጥታችሁ ቦርሳ ውስጥ አትጣሉት። ባንካችሁ የሚልከው የማረጋገጫ ኮድ የሚመጣው በእሱ ነው። ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ካላችሁ የኢትዮጵያውን ለመልእክት ብቻ ክፍት ትተዉና የዳታ ሮሚንጉን ታጠፉታላችሁ፤ ዳታውን በዱባዩ ታደርጋላችሁ። ለዚህም ከመውጣት በፊት የሮሚንግ አገልግሎቱ መከፈቱን አረጋግጡ፣ አለዚያ መልእክቱም አይገባም። አዲስ ሲም ስታስገቡ ዋትሳፕ «ቁጥርህ ይቀየር?» ብሎ ቢጠይቃችሁ አይቀየር በሉት። ገዢው የሚያውቃችሁ በድሮው ቁጥር ነው።

ዳታውን የሚበላው ዋጋ መከታተል አይደለም። እኛ የምንለጥፈው ጽሑፍ ከጥቂት ኪሎባይት አይበልጥም፤ መቶውን ብታነቡ አንድ አጭር ቪዲዮ አያህልም። የሚበላው ሳታዩት በራሱ የሚወርደው ነው። ቴሌግራም ውስጥ የዳታ ማስተካከያው ላይ ለሞባይል ዳታ፣ ለዋይፋይና ለሮሚንግ የተለያየ ቁልፍ አለ፤ የሞባይሉንና የሮሚንጉን አውቶማቲክ ማውረድ አጥፉ። ፎቶ ወደ ደመና የሚጭነውንና የአፕ ማደሻውን በዋይፋይ ብቻ አድርጉ። የዱባይን ካርታ ሆቴል ሆናችሁ አስቀድማችሁ አውርዱ። ይህን ያደረገ ሰው፣ ቪዲዮ ካላየ፣ ለአንድ ሳምንት ሥራ 2 ወይም 3 ጊጋ ይበቃዋል ብዬ ነው የማስበው።

ለቡና ወደ አውሮፓ የምትወጡ አንድ ነገር ብቻ። የኅብረቱ ሕግ ስዊዘርላንድን አይጨምርም። በሰኔ 2025 እ.ኤ.አ. የዓለም የቡና ኤግዚቢሽን የነበረው ጄኔቭ ነው፣ ትልልቆቹ የቡና ገዢዎችም ብዙዎቹ ቢሯቸው እዚያው አገር ነው። ከፍራንክፈርት ወይም ከሚላን የገዛችሁት ሲም ጄኔቭ ላይ በዚያው ዋጋ ይሠራል ብላችሁ አትግቡ፤ ስትገዙ «ስዊዘርላንድ አለበት?» በሉ። ጄኔቭ ድንበር ላይ ስላለች ስልኩ የፈረንሳይን ኔትወርክ ሊይዝም ይችላል፤ የስዊስ ሲም የያዘ ሰው ኔትወርኩን በእጁ ይምረጥ።

በቅርቡ ከዱባይ የተመለሳችሁ ካላችሁ የከፈላችሁትን ዋጋ፣ የጊጋውን መጠንና የቆይታውን ቀን ከታች ጻፉልን፤ በጊጋ አስልተን እንለጥፈዋለን። ነገ ጠዋት እንደተለመደው የነጭ ሰሊጥ፣ የማሾና የቀይ ቦሎቄ ዋጋ ይዘን እንገናኛለን።