ወገቡን የማያጥፈው ዓሣ

ዓሣ ሲዋኝ ወገቡን ግራና ቀኝ ያጥፋል፤ ውኃውን የሚገፋውም በጅራቱ ነው። በባሮ ወንዝ ረግረግ የሚኖረው ጂምናርከስ ግን እንዲህ አይዋኝም። ከአንድ ሜትር ተኩል ሊያልፍ የሚችለው ሰውነቱ እንደ ዘንግ ቀጥ ብሎ፣ ጀርባውን ይዞ የሚወርደው አንድ ረጅም ክንፍ ብቻ ይርገበገባል። የክንፉ ሞገድ ወደ ጅራት ሲነጉድ ዓሣው ወደ ፊት ይሄዳል፤ ሞገዱ ሲገለበጥ ደግሞ ፊቱን ሳያዞር በዚያው ፍጥነት ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። የሆድም የጅራትም ክንፍ የለውም፤ ጅራቱ እንደ አይጥ ጅራት ሾሎ ያልቃል።

ከናይል እስከ ቻድ ሐይቅ፣ ከኒጀር እስከ ጋምቢያ ይገኛል፤ በእኛ አገር ከባሮ ሌላ በኦሞም አለ። በቤተሰቡ ውስጥ ሌላ ዝርያ የለም፤ እርሱ ብቻ ነው።

የካምብሪጁን የእንስሳት ተመራማሪ ሃንስ ሊስማንን ያስጨነቀው ይህ የኋሊት ጉዞ ነበር። ጅራት ዓይን የለውም፤ ታዲያ ዓሣው ከድንጋይና ከግንድ ጋር የማይላተመው እንዴት ነው? ሊስማን ሽቦ ውኃው ውስጥ ነክሮ አዳመጠ። እ.ኤ.አ. በ1951 ያሳተመው ውጤት፣ ከጅራቱ በሰከንድ ሦስት መቶ ያህል ጊዜ፣ ቀንም ሌትም ሳይቋረጥ፣ ደካማ የኤሌክትሪክ ምት እንደሚወጣ ገለጸ። በዚሁ በናይል ሰውን የሚያስደነግጥ የኤሌክትሪክ አምባዛ አለ፤ የጂምናርከስ ምት ግን እጃችንን ውኃው ውስጥ ብንከት እንኳ አይሰማንም። ሊጎዳበት ሳይሆን ሊያይበት ነው የተሰጠው።

ማረጋገጫው ከሥራ ባልደረባው ከኬን ማሺን ጋር የሠራው ሙከራ ነው፤ ከዚህ ዓሣ ጋር ከተያያዘው ሁሉ ይህን እወደዋለሁ። ውኃ የሚያሳልፉ፣ መልካቸው አንድ የሆነ የሸክላ ዕቃዎች አቀረቡለት። በአንዱ ውስጥ ውኃ ብቻ፣ በሌላው ውስጥ የመስታወት ዘንግ ተደበቀ። ውኃ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፤ መስታወት አያሳልፍም። ምግብ የሚያገኝበትን እንዲመርጥ የሰለጠነው ዓሣ፣ ሁለት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላትን ዘንግ እንኳ ሸክላውን አልፎ ለየ።

የሰውነቱ ቀጥ ማለት ምሥጢር እዚህ ላይ ይገለጣል። ምቱ ዓሣውን ዙሪያውን ይከብበዋል፤ በአቅራቢያው ያለ ነገር ሁሉ ያን ክበብ ያዛባዋል። ቆዳው ላይ የተበተኑ የስሜት ሕዋሳት የተዛባውን ቦታ ይለያሉ። ዓሣው ራሱ ጅራቱን ቢያጥፍ ግን መዛባቱ ከራሱ ይሁን ከውጭ ለመለየት ይቸገራል። ሊስማን የሰውነቱን ቀጥ ማለት ያያዘው ከዚህ ጋር ነው። ድፍርስ ውኃና ጨለማ ለማይረቡት ዓይኖቹ ምንም አይሰጡም፤ ስለዚህ ለዚህ እይታ ሲል ጅራቱን ለመዋኛ መጠቀምን ተወ።

ሁለት ጂምናርከሶች ተቀራርበው የምታቸው ፍጥነት ሊገጥም ሲል፣ እይታቸው ይታወካል። ያን ጊዜ ፍጥነታቸውን ያራርቃሉ። በደቡብ አሜሪካ የሚኖሩ፣ ዝምድናቸው እጅግ የራቀ ዓሦችም ይህንኑ ዘዴ ለብቻቸው አፍርተዋል።

ክረምቱ ወንዙን ከአፉ አውጥቶ ሜዳውን ሲያጥለቀልቅ፣ ጂምናርከስ ጥቅጥቅ ወዳለው ሣር ገብቶ ተንሳፋፊ ጎጆ ይሠራል። የእንስሳት ተመራማሪው ጆን ባጅት እ.ኤ.አ. በ1900 ገደማ ጋምቢያ ውስጥ ያያቸው ጎጆዎች ሦስቱ ጎናቸው ከውኃው በላይ የወጣ፣ አራተኛው ዝቅ ብሎ በር የሆነላቸው ነበሩ። ውስጣቸው አንድ ሺህ ያህል፣ ድቡልቡልና ከትልቅ አተር የሚበልጡ ወርቃማ ዕንቁላሎች ነበሩ። ወላጁ በቁጣ ይጠብቃቸዋል፤ የቀረበውን ይነክሳል። በአምስት ቀን ገደማ የሚፈለፈሉት ጫጩቶች ከስንጥባቸው የተንዠረገገ ቀይ ክርና ከሆዳቸው የተንጠለጠለ ረጅም የአስኳል ከረጢት አላቸው። አስኳሉ እያለቀ ሲሄድ ክሩም ይጠፋል፤ ያን ጊዜ አየር ለመሳብ ብቅ ጥልቅ ማለት ይጀምራሉ፣ በአሥራ ስምንተኛው ቀን ገደማም ዝቅ ባለው በር ወጥተው ሣሩ ውስጥ ይበተናሉ።