ዲሽ ከመተከሉ በፊት የሚለካው ሰማይ

የሳተላይት ቴሌቪዥን ሥርጭት የሚመጣው ከምድር ወገብ በላይ በ35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከሚገኙ ሳተላይቶች ሲሆን፣ እነዚህ ሳተላይቶች ምሕዋራቸውን የሚዞሩት ምድር በዛቢያዋ ላይ በምትሽከረከርበት ፍጥነት ልክ በመሆኑ ከታች ለሚመለከታቸው ሁሉ በአንድ ቦታ የቆሙ ይመስላሉ። አርተር ሲ. ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1945 ይህ ምሕዋር ለመገናኛ አገልግሎት ሊውል እንደሚችል ያመለከተው ይህን ባሕርይ መሠረት አድርጎ ነበር፤ ዛሬም አንድ ጊዜ የተስተካከለ ዲሽ ሳይነካ ለዓመታት የሚያገለግለው በዚሁ ምክንያት ነው። ነገር ግን የማይንቀሳቀስ ሳተላይት ጥቅሙን ያህል ችግርም አለው፤ በእርሱና በዲሹ መካከል የቆመ ግድግዳ ጠዋትም ማታም፣ በበጋም በክረምትም እንደጋረደ ይኖራል።

በዲሹና በሳተላይቱ መካከል የሚታሰበው ቀጥተኛ መስመር የዕይታ መስመር ይባላል። ለቤት ዲሾች የሚላከው ሞገድ በአብዛኛው ከ10.7 እስከ 12.75 ጊጋኸርዝ ባለው ክልል ውስጥ የሚገኝ ሲሆን፣ የሞገዱ ርዝመት ወደ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ይደርሳል። ረጃጅም የሬዲዮ ሞገዶች ኮረብታ ዞረው፣ ግድግዳ አልፈው ሊሰሙ ሲችሉ ይህ አጭር ሞገድ ግን እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ ስለሚጓዝ የሕንፃ ጥግ ያስቀረዋል። የዛፍ ቅጠልም በውስጡ ባለው ውኃ ምክንያት ሞገዱን ይውጠዋል፤ ቅጠሉ በዝናብ ሲርስ ደግሞ ጉዳቱ ይበረታል።

የዕይታ መስመሩን ለማወቅ ሁለት ማዕዘኖች ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያው አዚሙዝ የሚባለው ሲሆን ከሰሜን ተነሥቶ በምሥራቅ በኩል እየዞረ የሚቆጠር አግድም አቅጣጫ ነው፤ ሁለተኛው የከፍታ ማዕዘን ሲሆን መስመሩ ከአድማስ ምን ያህል ቀና እንደሚል ያመለክታል። ለአዲስ አበባ ሲሰላ፣ በምዕራብ 7 ዲግሪ ኬንትሮስ ላይ የሚገኘው ናይልሳት በ261 ዲግሪ አዚሙዝ፣ ማለትም ከምዕራብ ጥቂት ወደ ደቡብ ዘንበል ብሎ፣ በ37 ዲግሪ ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። ኢትዮሳት የሚሠራጭበት በምሥራቅ 57 ዲግሪ ያለው ኤንኤስኤስ-12 ግን በ115 ዲግሪ አዚሙዝ በኩል 66 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። ስለዚህ ኢትዮሳትን ያለ ችግር የሚቀበል ሰገነት ለናይልሳት ዋስትና አይሆንም፤ ወደ ምሥራቅ ብቻ የተከፈተ የኮንዶሚኒየም በረንዳ ያለው ነዋሪ ናይልሳትን ከዚያ በረንዳ ሊያገኝ አይችልም፤ የትኛውም ባለሙያ ቢመጣ ይህን አይለውጠውም።

የከፍታው ልዩነት በሜትር ሲተረጎም ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ከዲሹ በ10 ሜትር የሚበልጥ ግንብ ለናይልሳት መስመር እንቅፋት እንዳይሆን ቢያንስ 13 ሜትር ተኩል መራቅ ሲኖርበት፣ ለኢትዮሳት ግን አራት ሜትር ተኩል ያህል ይበቃል። ከምድር ወገብ በራቁ ቁጥር ሳተላይቶቹ ወደ አድማስ ዝቅ ስለሚሉ፣ በስቶክሆልም የሚኖር ሰው ልክ በስተደቡቡ ያለውን ሳተላይት እንኳ ከ23 ዲግሪ በታች ያየዋል፤ ለዚያው ግንብ ወደ 24 ሜትር ርቀት ያስፈልገዋል ማለት ነው። እነዚህ ቁጥሮች ሁሉ ትርፍ ቦታ ያልተጨመረባቸው ናቸው። የሚመጣው ጨረር የዲሹን ስፋት ያህል ውፍረት ስላለው የዲሹ የታችኛው ጠርዝም መጋረድ የለበትም፤ በዚያ ላይ ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁመቱን እንደሚጨምር፣ የጎረቤት ፎቅም ገና እየተጀመረ ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ተገቢ ነው።

በልኬቱ ላይ ብዙ ሰው የሚያሳስተው የዲሹ ቅርጽ ነው። በየቤቱ የሚታየው ሞላላ ዲሽ ኦፍሴት ይባላል፤ ሞገዱን የሚቀበለው ኤልኤንቢ ከፊቱ መሐል ሳይሆን ዝቅ ብሎ የተቀመጠለት ሲሆን፣ የሚመለከተው ሰማይ ፊቱ ያዘነበለበት ከሚመስለው ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ያለ ነው። አዲስ አበባ ላይ ወደ ናይልሳት የዞረ ዲሽ ቀጥ ብሎ የቆመ የሚመስለው፣ ተመልካቹም ከፊት ለፊቱ ያለውን አጥር ያለ ምክንያት የሚጠረጥረው በዚህ የተነሣ ነው።

ማዕዘኑን ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በተማሪ ፕሮትራክተር መሐል ላይ በክር የታሰረ ቱምቢ ወይም ሌላ ክብደት ተንጠልጥሎ በቀጥታው ጠርዝ በኩል የዛፉ ጫፍ ሲታይ፣ ክሩ ከ90 ያፈነገጠበት መጠን የዛፉ የከፍታ ማዕዘን ይሆናል፤ ይህ ቁጥር ከሳተላይቱ ከፍታ በብዙ ካነሰ መንገዱ ክፍት ነው። አዚሙዝን በኮምፓስ መለካት ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ የቆርቆሮ ጣሪያና የብረት ምሰሶ መርፌውን ስለሚያስቱት ኮምፓሱ ከብረት ርቆ መነበብ አለበት፤ የእጅ ስልክ ኮምፓስም ከዚህ ስሕተት ነጻ አይደለም።

ከመሣሪያ ሁሉ የምትበልጠው ግን ፀሐይ ናት። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመስቀል በዓል ሰሞንና በመጋቢት 7 ገደማ፣ ፀሐይ ከአዲስ አበባ ሲታይ ሳተላይቶቹ በተደረደሩበት መስመር ላይ ታልፋለች። በመስቀል ሰሞን ከረፋዱ 4 ሰዓት ከ50 አካባቢ በኤንኤስኤስ-12፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ከ45 አካባቢ ደግሞ በናይልሳት አቅጣጫ ትገኛለች፤ በመጋቢት ሁለቱም ሩብ ሰዓት ያህል ይዘገያሉ። በዚያች ሰዓት ዲሹ ሊተከልበት የታሰበው ቦታ ፀሐይ ካረፈበት የዕይታ መስመሩ ንጹሕ ነው፤ ጥላ ካለበት ግን ጥላውን የጣለው ነገር ሞገዱንም ይጋርዳል። በእነዚሁ ቀናት የፀሐይ የራሷ የሬዲዮ ጨረር ወደ ዲሹ ስለሚገባ ሥርጭቱ ለደቂቃዎች ሊቆራረጥ ይችላል፤ ይህ የዲሹ ብልሽት አይደለም።

መስመሩ ተጋርዶ ከተገኘ ሰፋ ያለ ዲሽ መግዛት መፍትሔ ተደርጎ ሲመከር ይሰማል። ሰፊ ዲሽ በዝናብ የሚደክመውን ሞገድ ለመቀበል ይረዳል እንጂ የድንጋይ ግንብ አሳልፎ አያይም፤ ያለውን ዲሽ ጥቂት ሜትር ፈቀቅ ማድረግ ወይም ወደ ጣሪያ ማውጣት ርካሹም አስተማማኙም መንገድ ነው።