ስለ ፖርትስመዝ የእግር ኳስ ማኅበርና ስለ ተፈራረቁበት ባለቤቶች

በቅሎ ቢሸጥ ጌታው ይለወጣል እንጂ በቅሎው ያው በቅሎ ነው፤ ወፍጮም ቢሸጥ የሰፈሩ ሰው እህሉን ተሸክሞ እንደ ቀድሞው ይሄድበታል። የእግር ኳስ ማኅበር ነገር ግን ከዚህ የተለየ ነው። በወረቀት ሲታይ የአንድ ሰው ወይም የአንድ ኩባንያ ገንዘብ ነው፤ በልብ ሲታይ ግን የአንድ ከተማ ሕዝብ ርስት ነው። የሚገዛው ሰው ወረቀቱን ይገዛል፤ ርስቱን ለመግዛት ግን ብር አይበቃውም። እንዲህ ያለ ማኅበር በዕዳ ተጨንቆ ሳለ ባለቤቱ ሲለወጥ ምን እንደሚደርስበት ለመረዳት፥ በእንግሊዝ አገር በደቡብ ባሕር ዳር የሚገኘውን የፖርትስመዝን ማኅበር ታሪክ መመርመር ይበቃል። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፖርትስመዝ ከጥንት ጀምሮ የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ወደብ ነው። ማኅበሩ በ1898 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በ1939 ዓ.ም. የአገሩን ዋንጫ አገኘ፤ ወዲያው የዓለም ጦርነት ውድድሩን ስላቋረጠው ዋንጫውን ሰባት ዓመት ያህል ይዞ ቆየ። በ1949 እና በ1950 ዓ.ም. ደግሞ ተከታትሎ የአገሩ አንደኛ ሆነ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ከፍና ዝቅ ሲል ኖሮ በ2003 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊግ ወደሚባለው ወደ ላይኛው ማዕረግ ወጣ።

በግንቦት 2008 ዓ.ም. ማኅበሩ በዌምብሌይ ሜዳ የካርዲፍን ማኅበር 1 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫውን ዳግመኛ ወሰደ፤ ግቡን ያገባው ናይጄሪያዊው ካኑ ነበረ። ከተማውም በደስታ ተናወጠ። ነገር ግን ያ ደስታ በተበደረ እህል የተደገሰ ድግስ ነበር። ፍራተን ፓርክ የሚባለው የማኅበሩ ሜዳ የሚይዘው ሰው 20,000 ያህል ብቻ ሲሆን፥ ለተጫዋቾች የሚከፈለው ደመወዝ ግን ሦስትና አራት እጥፍ ሕዝብ ከሚይዙት ታላላቅ ማኅበሮች ጋር የሚያፎካክር ነበር። የጐደለውን ይሞላ የነበረው በ2006 ዓ.ም. ማኅበሩን ጠቅልሎ የገዛው የሚስተር አሌክሳንደር ጋይዳማክ ገንዘብና ብድር ነው። እርሱም እጁን መሰብሰብ በጀመረ ጊዜ ምሰሶው እንደ ተነቀለ ድንኳን ሁሉም ባንድ ጊዜ ወደቀ። የተመረጡት ተጫዋቾች አንድ ባንድ ተሸጡ፤ የሽያጩም ገንዘብ ዕዳውን ሊደፍን አልቻለም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ለማመን የሚያስቸግር ነው። ከነሐሴ 2009 እስከ የካቲት 2010 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፥ ይኸውም ባንድ የጨዋታ ዘመን ውስጥ፥ ማኅበሩ አራት ባለቤቶችን አየ። ከሚስተር ጋይዳማክ ሚስተር ሱለይማን አልፋሂም ገዛው፤ ከሁለት ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ ወደ ሚስተር አሊ አልፋራጅ ተላለፈ፤ የዚህንም ሰው ፊት ያየነው የለም እያሉ ደጋፊዎቹ ይቀልዱ ነበር። ከእርሱም በብድር ምክንያት ወደ ሚስተር ባልራም ቼይንራይ እጅ ገባ። እያንዳንዱ ሲመጣ ተስፋ ተነገረ፤ ደመወዝ ግን በቀኑ አልተከፈለም። በየካቲት 26 ቀን 2010 ዓ.ም. ማኅበሩ በሕግ በተሾመ ሞግዚት እጅ ተሰጠ፤ ከፕሪሚየር ሊግ ማኅበሮች ይህ የደረሰበት የመጀመሪያው ፖርትስመዝ ነው። ስለዚህም ዘጠኝ ነጥብ ተቀነሰበት።

በሚያዝያ 10 ቀን ከላይኛው ማዕረግ መውረዱ ተረጋገጠ፤ በማግሥቱ በዋንጫው ውድድር ቶተንሃምን 2 ለ 0 አሸንፎ ለፍጻሜ አለፈ። ደመወዛቸው ሲዘገይባቸው የነበሩ ተጫዋቾች ይህን ማድረጋቸው ሊመሰገን ይገባል። በፍጻሜው ቼልሲ 1 ለ 0 ረታቸው። ቼልሲ በሌላ መንገድ ወደ አውሮፓ ውድድር አልፎ ስለ ነበር ቦታው ለፖርትስመዝ ሊደርስ ይችል ነበር፤ ነገር ግን በሞግዚት እጅ ያለ ማኅበር ነውና ፈቃድ ተከለከለ።

ለሹማምንት ይልቁንም የሚያስተውሉት ነገር የአበዳሪዎቹ ዝርዝር ነው። በእንግሊዝ የእግር ኳስ ሥርዓት አንድ ማኅበር ዕዳውን መክፈል ሲያቅተው ተጫዋቾችና ሌሎች የእግር ኳስ ማኅበሮች ገንዘባቸውን ሙሉ ይቀበላሉ፤ የቀሩት ባለገንዘቦች ግን የተረፈውን ይካፈላሉ። በዝርዝሩ ውስጥ በሜዳው ዳር ቆሞ የታመመውን የሚያነሣው የቅዱስ ዮሐንስ የርዳታ ማኅበር ነበረበት፤ የመንግሥት ግብር ሰብሳቢም ነበረበት። ለእነዚህ ከመቶው ሃያ እጅ ብቻ፥ እርሱም በዓመታት ተከፋፍሎ እንዲከፈላቸው ታሰበ። ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ይህን ተቃውሞ ከፍርድ ቤት ቢደርስም በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ተረታ። በሳምንት እልፍ ፓውንድ የሚቀበለው ተጫዋች ምንም ሳይጐድልበት፥ በነጻ ያገለገለው ቁስል አሳሪ አራት እጁን እንዲያጣ ያደረገ ሥርዓት በምን ፍርድ እንደሚጸድቅ ለመናገር ያስቸግራል።

እነዚያ ባለቤቶች እንዴት ሊገቡ ቻሉ? በዚያን ጊዜ ማኅበር ለመግዛት የሚቀርበውን ሰው የሚመረምር ሕግ አልነበረም አይባልም። ነገር ግን ምርመራው በይበልጥ ሰውየው በወንጀል ተፈርዶበት እንደ ሆነ፥ ወይም ቀድሞ ሌላ ማኅበር በእጁ ከስሮ እንደ ሆነ የሚጠይቅ ነበር፤ ገንዘቡ ከወዴት እንደሚመጣና ስንት ዓመት እንደሚበቃ አጥብቆ አልጠየቀም። በወንጌል ስለ እረኛና ስለ ምንደኛ የተነገረውን ካህናት ሁሉ ያውቁታል፤ ምንደኛው ከበጎቹ የሚለየው ተኵላው ሲመጣ ነውና ከዚያ አስቀድሞ መልኩን ለይቶ ማወቅ የሚከብደው ለእንግሊዞች ብቻ አይደለም።

በ2011 ዓ.ም. ደግሞ በሚስተር ቭላዲሚር አንቶኖቭ የሚመራ ኩባንያ ማኅበሩን ገዛ። ዓመቱ ሳይፈጸም ሰውየው በሊቱዌኒያ ባለ ባንክ ጉዳይ ለንደን ላይ ተያዘ፤ ኩባንያውም ወደቀ። በየካቲት 2012 ዓ.ም. ማኅበሩ ለሁለተኛ ጊዜ በሞግዚት እጅ ገባ፤ አሥር ነጥብ ተቀነሰበት፤ ወደ ሦስተኛው ማዕረግ ወረደ። በሚቀጥለውም ዓመት ወደ አራተኛው ወረደ። ከዋንጫው እስከዚህ አምስት ዓመት ብቻ ነው።

ሕዝቡ ርስቱን ለማዳን የተነሣው በዚህ ጊዜ ነው። ደጋፊዎች ኅብረት አቁመው እያንዳንዱ 1,000 ፓውንድ እያዋጣ አክሲዮን እንዲገዛ ጠየቁ፤ ከ2,000 የሚበልጡ ሰዎችም ገዙ። ብቻውን መክፈል የማይችለው ከጓደኞቹ ጋር እንደ ዕቁብ እየተዋጣ ገባ። ጥቂት ባለጠጎች ደጋፊዎች ጨመሩበት፤ የከተማው ምክር ቤትም ብድር ሰጠ። ሚስተር ቼይንራይ ሜዳውን በመያዣ ይዞት ስለ ነበር ነገሩ እስከ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደረሰ። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ስምምነት ተገኝቶ ፖርትስመዝ በእንግሊዝ አገር በደጋፊዎቹ እጅ ካሉት ማኅበሮች ሁሉ ትልቁ ሆነ። ቡድኑ በታችኛው ማዕረግ ሲጫወት ሳለ ተመልካቹ አለመጥፋቱም የሚደንቅ ነው። በመስከረም 2014 ዓ.ም. የቀድሞው ዕዳ ከተወሰነለት ቀን አስቀድሞ ተከፍሎ አለቀ፤ በ2017 ዓ.ም. ማኅበሩ የአራተኛውን ማዕረግ አንደኛነት አገኘ።

በኢትዮጵያ አብዛኞቹ ታላላቅ ማኅበሮች በመንግሥት መሥሪያ ቤት፥ በባንክ ወይም በከተማ አስተዳደር በጀት የሚኖሩ ስለ ሆኑ እንደዚያ በገበያ አይሸጡም፤ ይሁን እንጂ ባንድ ደብዳቤ በጀቱ የሚቋረጥበት ማኅበር ከፖርትስመዝ የበለጠ የጸና መሠረት አለው ማለት አይቻልም።

ደጋፊዎቹ ዕዳውን ከፍለው ከጨረሱ በኋላ ግን ሌላ ጭንቀት መጣ። ሜዳው እጅግ አርጅቶ ነበርና ለማደስ የሚያስፈልገው ገንዘብ ከአንድ ሺህ አንድ ሺህ ከሚያዋጣ ሕዝብ አቅም በላይ ሆነ። በ2017 ዓ.ም. የዲዝኒ ኩባንያ መሪ የነበረው አሜሪካዊው ሚስተር ማይክል አይዝነር 5.67 ሚሊዮን ፓውንድ ለግዢው፥ 10 ሚሊዮን ደግሞ ለማኅበሩ ማጠናከሪያ ለመስጠት ጠየቀ። ብዙ ክርክር ተነሣ። አንዳንዶቹ በላባችን ያዳነውን ርስት ለባዕድ እንዴት እንሰጣለን አሉ፤ ነገር ግን ከአምስቱ አራቱ እጅ ያህል ይሸጥ ብሎ ፈቀደ። ይህ ሽያጭ ከቀድሞዎቹ የሚለየው በገዢው ባለጠግነት ብቻ አይደለም። ሻጩ ያልተራበ ነበረ፤ አስቦና ተከራክሮ፥ የማኅበሩን ስምና መልክ የሚጠብቅ የደጋፊዎች ሸንጎ እንዲኖር ውል አስገብቶ ሸጠ። የተራበ ሻጭ ግን የገዢውን ስም እንኳ አጥብቆ አይጠይቅም፤ በ2009 ዓ.ም. የሆነውም ይኸው ነው።

አዲሱ ባለቤት በችኮላ ብዙ ገንዘብ አላፈሰሰም፤ ስለዚህም ሰባት ዓመት ሙሉ ተስፋ ያደረጉት ማዕረግ ሲዘገይ ያጕረመረሙ ነበሩ። በ2024 ዓ.ም. ማኅበሩ የሦስተኛው ማዕረግ አንደኛ ሆኖ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሁለተኛው ተመለሰ፤ በ2025 ዓ.ም. በዚያው ጸንቶ ዓመቱን ፈጸመ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የእንግሊዝ መንግሥት የእግር ኳስ ማኅበሮችን ባለቤቶችና የገንዘብ ምንጫቸውን የሚመረምር ራሱን የቻለ ባለሥልጣን በሕግ አቋቋመ።