መድኃኒት በሰውነት ውስጥ እንዴት ይሠራል?

መድኃኒት ስናድል ዘወትር ከሚቀርቡልን ጥያቄዎች አንዱ «ከተሻለኝ በኋላ የቀረውን ኪኒን ለምን እጨርሳለሁ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። አንዳንዱ የተረፈውን ለሌላ ቀን ያስቀምጣል፤ ሌላው ለታመመ ጎረቤቱ ያካፍላል። መተዛዘን መልካም ባሕላችን ነው፤ ሆኖም መድኃኒት እንደ እንጀራ ተቆርሶ የሚበላ ነገር አይደለም። ምክንያቱን ለመረዳት ኪኒኑ ከተዋጠ በኋላ የት እንደሚደርስ ማወቅ ይጠቅማል።

ኪኒኑ ከተዋጠ በኋላ

ኪኒን በጨጓራ ውስጥ ይሟሟል። ከዚያም ከትንሹ አንጀት ወደ ደም ይገባና በጉበት በኩል አልፎ ወደ መላው ሰውነት ይሰራጫል። የታመመውን ቦታ ብቻ መርጦ አይሄድም። ሰውነትም መድኃኒቱን ወዲያው ማስወገድ ይጀምራል፤ ጉበት ይለውጠዋል፣ ኩላሊት አጣርቶ በሽንት ያስወጣዋል። «በቀን ሦስት ጊዜ» ተብሎ የሚታዘዘው በደም ውስጥ ያለው መጠን ከሚፈለገው በታች ሳይወርድ እንዲተካ ነው።

አሞክሲሲሊን

ለሳንባ ምችና ለጆሮ ሕመም በብዛት የሚታዘዝ መድኃኒት ነው። ባክቴሪያ የሚባሉት ጀርሞች ዙሪያቸውን የሚጠብቅ ጠንካራ ግድግዳ አላቸው። አሞክሲሲሊን ጀርሙ ይህን ግድግዳ እንዳይሠራ ያግደዋል፤ ጀርሙም ይፈነዳል። የሰው ሕዋስ እንዲህ ያለ ግድግዳ ስለሌለው በዚህ አይጎዳም። ኩላሊቱ ጤነኛ በሆነ ሰው ደም ውስጥ የመድኃኒቱ መጠን በየ1 ሰዓቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ በየ8 ሰዓቱ የታዘዘለት ሰው ጧት 12 ሰዓት፣ ከቀኑ 8 ሰዓትና ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ሊወስድ ይችላል። ጉንፋን ግን የሚመጣው በቫይረስ ነው። ቫይረስ ይህ ግድግዳ ስለሌለው አሞክሲሲሊን ጉንፋንን አያድንም።

ኮአርተም

ይህ የወባ መድኃኒት በአንድ ኪኒን ውስጥ ሁለት መድኃኒቶችን ይዟል። አርቴሜተር አብዛኛውን የወባ ተሕዋስ በፍጥነት ይገድላል፤ ነገር ግን በሰዓታት ውስጥ ከደም ይወጣል። ሉሜፋንትሪን ቀስ ብሎ ይሠራል፣ ለቀናትም በደም ውስጥ ቆይቶ የተረፉትን ይለቅማል። ሕመምተኛው በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ሲለቀው የዳነ ይመስለዋል፤ ተሕዋሱ ግን ገና አላለቀም። በ3 ቀን 6 ጊዜ መወሰድ ያለበት ለዚህ ነው። ሉሜፋንትሪን ከቅባት ጋር በደንብ ወደ ደም ስለሚገባ ከወተት ወይም ዘይት ካለው ምግብ ጋር ቢወሰድ ይመረጣል።

ፓራሲታሞል

ትኩሳትንና ሕመምን ያስታግሳል እንጂ ጀርም አይገድልም። ትኩሳት ያለበት ሰው በፓራሲታሞል ቀለል ስላለው ብቻ የወባ ምርመራውን መተው የለበትም። አዋቂ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ባለ 500 ሚሊግራሙን ከ8 ኪኒን በላይ ቢወስድ ጉበቱ ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል።

ታዲያ ለምን እንጨርሳለን?

መድኃኒት ሲቋረጥ የሚተርፉት ብርቱዎቹ ጀርሞች ናቸው። እነሱ ሲራቡ መድኃኒቱን የለመደ በሽታ ይፈጠራል። ክሎሮኪንን የሚያስታውሱ አንባብያን ብዙ ናቸው። አደገኛው የወባ ዓይነት ስለ ለመደው ኢትዮጵያም ኬንያም እ.ኤ.አ. በ1998 በሌላ መድኃኒት ተኩት። ያም ብዙ ሳይቆይ ተለመደና እ.ኤ.አ. በ2004 ሁለቱም አገሮች የኮአርተምን ዓይነት መድኃኒት መረጡ። ግማሹን ለጎረቤት የሰጠ ሰው ሁለት ያልዳኑ ሕመምተኞችን ያተርፋል።

ስለዚህ አንባብያንን የምናሳስበው፦

• የታዘዘውን ቀን ሙሉ ይውሰዱ። ጎረቤት ከታመመ መድኃኒት ከማካፈል ይልቅ ወደ ክሊኒክ ያድርሱት።
• አንድ ጊዜ ቢረሱ በሚቀጥለው ሰዓት እጥፍ አይዋጡ።
• ኮአርተም በወሰዱ በ1 ሰዓት ውስጥ ቢያስታውክዎ ተመልሰው ይንገሩን።
• ሰውነትዎ ቢያሳክክ፣ ፊትዎ ቢያብጥ ወይም ትንፋሽ ቢያጥርዎ መድኃኒቱን አቁመው ወዲያው ይምጡ።
• እንደ ካኩማ ባለ ሞቃት ስፍራ መድኃኒትን ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አይስቀሉ፤ ከፀሐይና ከልጆች እጅ አርቀው ያስቀምጡ።

ያልገባዎት ነገር ካለ ከመስኮቱ ሳይርቁ ይጠይቁን።