የይለፍ ቃላት መዝገብ አከፋፈት

በግንቦት 2008 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ጥያቄዎች አስቀድመው በመውጣታቸው ፈተናው ተሰርዞ በሰኔ መጨረሻ እንደገና ተሰጠ። ምሥጢር ሲባክን ዕዳውን የሚከፍለው ተማሪው መሆኑን ከነቀምቴ እስከ ደምቢ ዶሎ ሁሉም አይቷል። የውጤት መዝገብ በኮምፒዩተር በሚያዝበት ትምህርት ቤትም ዋናው ጉዳይ የቍልፍ አያያዝ ነው።

የይለፍ ቃላት መዝገብ የሚባለው ፕሮግራም ልዩ ልዩ የይለፍ ቃላትን በአንድ ዋና ቃል ቈልፎ ይይዛል። ይሁንና ከወንበሩ በተነሣ ቍጥር ረጅም ቃል እንዲጽፍ የሚገደድ ሠራተኛ ይሰለቻል፤ መዝገቡን ከፍቶ ይተዋል፤ ወይም ቃሉን በወረቀት ጽፎ ጠረጴዛው ላይ ይለጥፋል። ስለዚህ አጭር መክፈቻ መፍቀድ ስንፍናን እንደ ማበረታታት ሊቈጠር አይገባም።

ሆኖም ባለአራት አሐዝ ቍጥር 10,000 አማራጭ ብቻ አለው። መሣሪያው ከጥቂት ስሕተት በኋላ የሚዘጋ ከሆነ ይበቃል። የተቈለፈው መዝገብ ተቀድቶ ከተወሰደና በዚያው ቍጥር ብቻ የሚፈታ ከሆነ ግን ሌላ ኮምፒዩተር ሁሉንም ሞክሮ ለመጨረስ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። እ.ኤ.አ. በ2022 ላስትፓስ ከተባለው ድርጅት የደንበኞች መዝገቦች ቅጂ በተሰረቀ ጊዜ፣ በዋነኛነት የቀረው መከላከያ የየደንበኛው ዋና ቃል ጥንካሬ ነበር።

ስለሆነም ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ዋናው ቃል፣ ከዚያ በኋላ የጣት አሻራ ወይም አጭር ቍጥር ቢጠየቅ ይሻላል። መብራት በሚቈራረጥበት ቀን ይህ አድካሚ መሆኑ አይካድም፤ ቃሉ በዕጣ የተመረጡ አምስት የኦሮምኛ ወይም የአማርኛ ቃላት ቢሆን ግን ለማስታወስ አይከብድም። ብዙ መምህራን በሚጋሩት ኮምፒዩተር ላይ አጭሩ መክፈቻ ጨርሶ ባይፈቀድ ይመረጣል።